ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ቤት መቀየር፦ ሸራው ከመታሰሩ በፊት ማለቅ ያለበት ነገር

በሞጆ በኩል ከአዳማ ሐዋሳ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሰው ሩቅ አይደለም፤ ማለዳ የተነሳ ምሳውን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ይበላል። ለቤት ዕቃ ግን ሩቅ ነው። ሌላ ክልል ነው፣ ሌላ ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ ጎረቤቱን እንኳ ገና የማታውቁት ሰፈር ነው። አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ ሰፈር ወደ ፖስታ ቤት ሰፈር ያጓጓዛችሁ ሹፌር ቢበድላችሁ ነገ ጭነት ከሚጠብቅበት ቦታ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። ሐዋሳ አራግፎ የተመለሰ ሹፌር ስልኩን ካጠፋ ግን የት ብላችሁ ትፈልጉታላችሁ?

የእኛ ዕቃ ከአዳማ በአንድ መኪና ወጥቶ ሐዋሳ በሌላ መኪና ነው የገባው። «የቤት ዕቃ በጥንቃቄ እናጓጉዛለን» የሚል ድርጅት (ስሙ ይቅር) ዋጋ ቆርጦ፣ ግማሹን ተቀብሎ፣ ሻሸመኔ ላይ ለማናውቀው ሹፌር አስረክቦን ጠፋ። አዲሱ ሹፌር ደግሞ ሐዋሳ በራችን ላይ ቆሞ «እኔ የተባልኩት ገንዘብ ሌላ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ከከተማ ከተማ ዕቃ ሲያጓጉዝ ወረቀቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ከታች ያለው ከዚያ የተጠራቀመ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዕቃው መሬት ላይ እስካለ ድረስ ጉልበቱ የእናንተ ነው። ሸራው ከለበሰ፣ ገመዱ ከተወጠረ በኋላ ጉልበቱ መሪ የጨበጠው ሰው ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ሊነሳ የሚችል ጭቅጭቅ ሁሉ አዳማ ላይ፣ ዕቃው ሳይወጣ ተነስቶ ማለቅ አለበት።

1. ከማን ጋር እንደምትዋዋሉ ለዩ

በቴሌግራምና በፌስቡክ የቤት ዕቃ አጓጓዥ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ ሁሉ መኪና ያለው እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ የራሱ መኪናና የራሱ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ነው። አንዳንዱ ስልክና ገጽ ብቻ ያለው ደላላ ነው፤ በድርጅት ስም ይናገራል፣ ባማረ ፎቶ ያስተዋውቃል፣ መኪናውን ግን የሚፈልገው እናንተ ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ፣ አንዳንዴም በመጫኛው ዋዜማ ማታ ነው። የቀረው ባለመኪናው ራሱ ነው።

ደላላ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጥሩ ደላላ ጥሩ ሹፌር ያውቃል፣ ነገር ቢበላሽም መሀል ገብቶ ያስታርቃል። ችግሩ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እየተሸረፈ መሄዱ ነው። እናንተ ለድርጅቱ የከፈላችሁት ዋጋ ደላላ ጋ ሲደርስ አንሶ፣ ሹፌሩ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ተመናምኖ ነው። ሹፌሩ እጅ የገባው ገንዘብ ከናፍጣ የማይተርፍ ከሆነ ጉድለቱን ከማን ይሙላ? ወይ ከእናንተ፣ ወይ መንገድ ላይ ሌላ ጭነት ደርቦ፣ ወይ እንደኛው ዕቃውን ወደዚያው ለሚሄድ ሌላ መኪና በርካሽ አስተላልፎ። ብዙ ሰው «ሹፌሩ አጭበረበረኝ» የሚለው ነገር ሥሩ እዚህ ነው፤ ሹፌሩም የተጭበረበረበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ገና በስልክ ስታወሩ ጠይቁ፦ መኪናው የማን ነው? ሰሌዳው ስንት ነው? ሊብሬው በማን ስም ነው? የንግድ ፈቃድና የቲን ቁጥር አላችሁ? እውነተኛ ድርጅት እነዚህን ፎቶ አንስቶ ለመላክ አይቸገርም። ሰሌዳው የንግድ (ኮድ 3) መሆኑን እዩ። ኮድ 2 የግል መኪና ነው፤ መንገድ ላይ ትራፊክ «የማንን ነው የጫንከው?» ብሎ ቢያቆመው የሚጉላላው የእናንተ ዕቃ ነው። «ሰሌዳውን በመጫኛው ቀን እንነግራችኋለን» ያላችሁ ሰው መኪና የለውም። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ ቢያንስ ደላላ ነኝ ብሎ ይናገር፤ ያኔ ከባለመኪናው ጋር አገናኘኝ ትሉታላችሁ።

2. ዕቃውን አሳዩ፣ ከዚያ ዋጋ ጠይቁ

«የባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ዕቃ ነው» ብሎ በስልክ ዋጋ መቁረጥ ለጭቅጭቅ በር መክፈት ነው። የአንዱ ሰው ባለ ሁለት መኝታ ሶፋና አልጋ ነው፣ የሌላው ደግሞ ከእናቱ የወረሰው ቡፌ፣ ሦስት በርሜል፣ የበርበሬ ጆንያና የአበባ ማሰሮ ሁሉ ነው። በኋላ «ዕቃው ብዙ ነው፣ እንዲህ አልተባልኩም» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስልካችሁን ይዛችሁ ከበሩ ጀምራችሁ ክፍል በክፍል ቪዲዮ ቅረጹ። ቁም ሳጥኑን ክፈቱ፣ በረንዳውንና ማዕድ ቤቱን አትዝለሉ። በቴሌግራም ላኩለትና ዋጋውን ያንን አይቶ ይቁረጥ። መልእክቱ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበት ስለሚቀመጥ በኋላ ምን አይቶ ዋጋ እንደቆረጠ መካድ አይችልም።

ቀጥሎ ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉ። «ሶፋ 1፣ ቡፌ 1» ብቻ ከሆነ ብዙ አይጠቅምም። እንዲህ ይሁን፦ «ቡፌ፣ ባለ ሦስት በር፣ መስታወቱ ሙሉ፣ የግራ በሩ ታች ጥግ ትንሽ የተላጠ፣ ግምቱ ይህን ያህል ብር።» የነበረበትን ጭረት ራሳችሁ ስትጽፉ ሹፌሩ ያምናችኋል፤ ያልነበረውን ጭረት ደግሞ «ከበፊቱ ነበረ» ማለት ይከብደዋል። ካርቶንና ጆንያ ሁሉ ቁጥር ይጻፍበት፤ «ከ1 እስከ 22» ብሎ መቁጠር «ካርቶኖች» ከማለት ይሻላል። ዝርዝር ላይ ያልሰፈረ ዕቃ ቢጠፋ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «የታለ ተጽፎ?»

የመኪናው መጠን ላይ ብዙ አትጨነቁ። አይሱዙ ኤንፒአር ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል፤ ዕቃው ከበዛ ከእሱ የሚተልቀው ኤፍኤስአር ይያዛል። የቤት ዕቃ ክብደቱ ሳይሆን ቦታ መያዙ ነው ችግሩ፤ ቪዲዮውን ያየ ልምድ ያለው ሹፌር ወዲያው ይነግራችኋል። ኪሳችሁን ማትረፍ ከፈለጋችሁ ግን ከደቡብ አትክልትም ይሁን ሌላ ጭነት አዳማ ወይም ሞጆ አራግፎ ባዶውን ወደ ሐዋሳ የሚመለስ መኪና ፈልጉ። ባዶ ከሚመለስ ይሻለዋልና ዋጋው ይቀንሳል። ጉዳቱ ቀኑን እናንተ ሳትሆኑ እሱ መወሰኑ ነው። ለሥራ ተቀይራችሁ ሰኞ ኢንዱስትሪ ፓርክ መግባት ያለባችሁ ከሆነ ይህ አያዋጣም።

3. ዋጋው ውስጥ ምን ምን እንዳለ አስቆጥሩ

«ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ናፍጣው ውስጡ ነው? የፍጥነት መንገድ ክፍያው የማን ነው? አዳማ ላይ የሚጭኑት ሰዎች ከእሱ ጋር ይመጣሉ ወይስ እናንተ ትቀጥራላችሁ? ሐዋሳ ላይ የሚያወርደውስ ማን ነው? ቤቱ ፎቅ ላይ ከሆነ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ አልጋና ቁም ሳጥን ፈትቶ የሚገጥም ሰው እንዳለ፣ ሸራና ገመድ ማን እንደሚያመጣ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጋቢና ተቀምጦ መሄድ እንደሚችል ሁሉንም አንሱ። መልሱን በቃል ሳይሆን በቴሌግራም ጽፎ እንዲልክላችሁ አድርጉ።

ከሁሉ በላይ ናፍጣውን አስረግጡ። «ናፍጣ ጠፍቶ በውድ ገዛሁ» የምትለዋ ሰበብ በዚህ መንገድ የማትሰማበት ወቅት የለም፤ እውነት የምትሆንበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ውሉ ላይ «የነዳጅ ዋጋ ቢጨምርም ባይጨምርም» የሚል ሐረግ የሚያስፈልገው። አንዱ ዋጋ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ደስ አይበላችሁ። ያ ዋጋ የአዳማ ዋጋ ነው፤ የቀረውን ሐዋሳ ላይ ይጠይቃችኋል።

4. ውሉን ከሹፌሩ ጋር ተፈራረሙ

ድርጅት ቢሆንም ደላላ ቢሆንም መሪ የሚጨብጠው ሰው ያልፈረመበት ወረቀት ሐዋሳ ላይ ዋጋ የለውም። «እኔ ከእናንተ ጋር ምንም ውል የለኝም» ይላል፣ ደግሞም እውነቱን ነው። የእኛ ወረቀት ላይ የነበረው ፊርማ የቢሮ ሰው ፊርማ ነበር፤ ሹፌሩ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ መልሶ ሰጠን።

አንድ ገጽ ይበቃል። እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፦

«እኔ ______ የሰሌዳ ቁጥሩ ______ በሆነ የጭነት መኪና፣ ከዚህ ውል ጋር በተያያዘው ዝርዝር ላይ የሰፈሩትን የቤት ዕቃዎች በ______ ዓ.ም. ከአዳማ ከተማ ______ ተረክቤ፣ በሐዋሳ ከተማ ______ ክፍለ ከተማ እስከ ቤቱ በር ድረስ በ______ ሰዓት ለማስረከብ ተስማምቻለሁ። ጠቅላላ ዋጋው ______ ብር ሲሆን ነዳጅን፣ የመንገድ ክፍያን፣ ሸራንና ገመድን ይጨምራል። የነዳጅ ዋጋ ቢጨምርም ባይጨምርም ሐዋሳ ላይ ተጨማሪ ክፍያ አልጠይቅም። ባለንብረቱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር ዕቃውን ወደ ሌላ መኪና አላዛውርም፣ በላዩም ሌላ ጭነት አልደርብም። በእኔ ወይም በረዳቴ ጥፋት ለጎደለ ወይም ለተሰበረ ዕቃ በዝርዝሩ ላይ በተጻፈው ግምት መሠረት እከፍላለሁ።»

ከሥሩ የሹፌሩና የእናንተ ፊርማ፣ ሹፌሩ የተቀጠረ ከሆነ የባለመኪናው ስምና ስልክ፣ ከዚያ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ። ምስክሮቹን ለወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ሁለት ምስክር እንዲኖረው ይጠይቃል። ምስክሮቹ ከእናንተ ወገን ብቻ አይሁኑ፤ ደላላው ካለ እሱ ይፈርም። የሹፌሩን መታወቂያና መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናውን ሊብሬና ሰሌዳ ፎቶ አንሱ። «ለምን?» ካላችሁ «ለቤተሰብ ልልከው ነው፣ መንገድ ላይ ስልክ ቢጠፋ» በሉት። ቅር የሚለው ሹፌር እስካሁን አልገጠመኝም፣ የተናደደ ደላላ ግን አይቻለሁ።

አሁን የምነግራችሁ ጥያቄ ግን ከወረቀቱም በላይ ይጠቅማል። ዕቃው ሳይወጣ፣ ደላላው ወይም የድርጅቱ ሰው ባለበት፣ ሹፌሩን «ሐዋሳ ለማድረስ ስንት ተባልክ? ማን ነው የሚከፍልህ? መቼ?» በሉት። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ በፈገግታ። እናንተ የምትከፍሉትና እሱ የተባለው አይገናኝም እንበል። ኮሚሽን ነውና ልዩነት መኖሩ አይገርምም፤ ልዩነቱ ግን ሹፌሩን የሚያስከፋ ከሆነ ፊቱ ላይ ወዲያው ይታያችኋል። ያን ጊዜ እዚያው እንዲጨርሱ አድርጉ። እነሱ ሲጨቃጨቁ ዕቃችሁ መሬት ላይ ነው፤ ምንም አትሆኑም።

ስለ መድን አንድ ቃል። የመኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን የእናንተን ፍሪጅና ሶፋ ለመካስ የወጣ አይደለም። በጉዞ ላይ ያለ ዕቃን የሚሸፍን የተለየ መድን አለ፤ ድርጅቱ «ዕቃው መድን አለው» ካለ ፖሊሲውን ያሳያችሁ።

5. ገንዘቡን ከፋፍላችሁ ክፈሉ

ቀን ለማስያዝ ትንሽ ቀብድ፣ ተጭኖ ሲያልቅ ለናፍጣ የሚሆን፣ የቀረው (ከግማሽ ባያንስ ይመረጣል) ሐዋሳ ላይ ዕቃው ወርዶ ተቆጥሮ። «ሙሉውን ቅድሚያ» የሚል ድርጅት ከገጠማችሁ እጅ ነስታችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለዕቃ ማጓጓዣ ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በመጫኛው ቀን ጠዋት «መኪናው ተበላሸ» ብሎ የሚቀርን ሰው ይህቺ ቁጥር ስትነገረው ጆሮው ይቆማል። ገንዘቡ የሚገባበት ስም ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር አንድ ይሁን። «ለወንድሜ አካውንት ላኪልኝ እህቴ» ሲላችሁ እሺ አትበሉ።

6. አስተሻሸግ

ልብስ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ፣ ሲኒና ብርጭቆ በልብስ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ፤ ይህን ሁሉም ቤት ያውቃል። የሚበላሹት ሌሎቹ ናቸው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋነኛው ነው። ሸክላው ከሥሩ ካለው የብረት አካል ጋር ስለተያያዘ አውጥታችሁ ለብቻው ልትይዙት አትችሉም። አክንባሎውን ለዩት፤ ገመዱን ጠቅልላችሁ እግሩ ላይ እሰሩት፤ ሸክላው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉና ዙሪያውን በስኮች አጣብቁት። መጨረሻ ይጫን፣ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ እንደ ተቀመጠ ይሂድ፣ በላዩ ምንም አይደረብ። ጫኞቹ ጥሩ ጠፍጣፋ ቦታ ያገኙ መስሏቸው ካርቶን ሊያስቀምጡበት ይፈልጋሉና ቆማችሁ ተመልከቱ። ከተሰነጠቀ በኋላ «ሸክላ አይደል እማዬ፣ መሰበሩ የት ይቀራል» ነው መልሱ፤ ከፋይ የለውም።

ፍሪጅ ከዋዜማው ተነቅሎ በረዶው ይሟሟ፣ ውስጡ ይድረቅ፣ ቆሞ ይጓዝ። ማስተኛት ግድ ከሆነ ሐዋሳ ከቆመ በኋላ አንድ ሌሊት ሳይሰካ ይደር፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ቴሌቪዥን በፍጹም አይተኛም፤ በሁለት ፍራሽ መሀል ቆሞ ይሂድ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ቁም ሳጥን አንዴ ተፈትቶ የተገጠመ ከሆነ ብሎኑ ሁለተኛ አይነክስምና፣ በሩ የሚያስገባው ከሆነ ሳይፈታ መጫኑ ይሻላል። የጋዝ ሲሊንደር ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሬጉሌተሩ ወልቆ ቆሞ ይታሰር፤ አልጭንም የሚል ሹፌር ካለ አትቆጡት።

ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ የቤት ካርታ፣ ዲፕሎማ፣ የልጆች የልደት ካርድና መድኃኒት ከእናንተ ጋር በእጅ ቦርሳ።

7. ወረቀቶች

ከቀበሌ መሸኛ አውጡ፤ ሐዋሳ ላይ አዲስ መታወቂያ ስትጠይቁ የሚፈለገው እሱ ነው። የተጫነው የቤት ዕቃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አብሮ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ኬላ ላይ ፈታሽ ካርቶኑ ያልተከፈተ ቴሌቪዥን ወይም አዲስ ፍሪጅ ሲያይ የንግድ ዕቃ ይመስለዋል፤ ደብዳቤው ከመዘግየት ያድናል። የአዲስ ዕቃ ደረሰኝ ካላችሁ አብሮ ይሂድ። ደብዳቤውን ለሹፌሩ ስጡ፣ ቅጂውን እናንተ ያዙ። ልጆች ካሉ የትምህርት ቤት መሸኛም አለ።

8. የመጫኛው ቀን

ዋዜማ ከሰዓት ጭናችሁ ሌሊት 11 ሰዓት መውጣት፣ ወይም ማለዳ 12 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ 3 ሰዓት መጨረስ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ተጭኖ ያደረ ዕቃ ማን እንደጠበቀው አይታወቅም። በየትኛውም መንገድ ሐዋሳ የምትደርሱት ሳይመሽ መሆን አለበት። ማታ የደረሰ ዕቃ አይቆጠርም፣ የሚያወርደውም ሰው በእጥፍ ነው የሚጠይቀው።

መኪናው ሲመጣ መጀመሪያ ሰሌዳውን ከተላከላችሁ ፎቶ ጋር አስተያዩ። ሌላ መኪና ከሆነ ጭነት አይጀመር፤ ውሉ ላይ ያለው ሰሌዳ ተሰርዞ አዲሱ ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም። ቀጥሎ የጭነት ሳጥኑን ወለል እዩ። ሲሚንቶ ወይም ዓሣ የጫነ መኪና ሳይጠረግ ይመጣል። ሸራውን ዘርግታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ክረምት ባይሆንም ሐዋሳ በበልግም ይዘንባል።

አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ዝርዝሩን ይዞ እያንዳንዱ ዕቃ ሲወጣ ምልክት ያድርግ። ይህን ሥራ ለአክስት ወይም ለጎረምሳ ልጅ ስጡ። የቤቱ ባለቤት አይያዘው፤ በየደቂቃው «ይሄ የት ይሁን?» እየተባለ ይጠራል። ሲያልቅ ከኋላና ከጎን ፎቶ አንሱ፣ ሸራው ሲለብስም ደግማችሁ አንሱ። ገመዱ እንዴት እንደተቋጠረ ፎቶ ላይ ካለ መንገድ ላይ ተፈትቶ እንደነበር ይታወቃል።

9. መንገድ ላይ

ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ቢቀመጥ ግማሹ ችግር ይጠፋል። የአይሱዙ ጋቢና ሹፌር፣ ረዳትና አንድ ሰው ይይዛል። ካልተቻለ ሹፌሩ በቴሌግራም ላይቭ ሎኬሽን ይላክ፤ እናንተም በሕዝብ ትራንስፖርት ከኋላው ሂዱ።

መንገዱ በሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ ነው። በአሰላና በኮፈሌ ዞሮም ሻሸመኔ ይገባል፣ ግን ይረዝማል፤ ሹፌሩ በዚያ እሄዳለሁ ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። ባቱና ሻሸመኔ ላይ ይደውል ብላችሁ ተስማሙ። በተለይ ሻሸመኔን አትርሱ፤ መስቀለኛ ከተማ ስለሆነች ወደ የአቅጣጫው የሚሄድ መኪና እዚያ ይገኛል፣ ዕቃ ማዛወር ለሚፈልግ ሰው ምቹ ናት።

ደግሞ ከሰል አለ። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ዳር ከሰል በጆንያ ይሸጣል፤ ረዳቱ ሐዋሳ ወስዶ ሊያተርፍበት ሁለት ሦስት ጆንያ ይገዛና ሸራው ላይ ይወረውረዋል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ነጭ ፍራሽ ነው። «ሌላ ጭነት አልደርብም» የሚለው የውሉ መስመር ትልቅ ትልቅ ጭነት ብቻ እንዳይመስላቸው፣ ስትሰናበቱ «ከሰልም ቢሆን» በሏቸው። ይስቃሉ፣ ግን ይገባቸዋል።

10. ሐዋሳ በር ላይ

ከመድረሳችሁ በፊት ለአከራያችሁ ወይም ለአዲሱ ጎረቤት ደውሉ። በሰፈሩ ተደራጅተው የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች እንዳሉ፣ ታሪፋቸው ስንት እንደሆነ፣ አስተባባሪያቸው ማን እንደሆነ ጠይቁና መኪናው ሳይገባ ዋጋ ተስማሙ። መኪናው ቆሞ፣ ዕቃው ታይቶ ከሆነ ዋጋ የሚጠየቀው እጥፍ ነው። ሰፈሩ ታቦር ይሁን ምሥራቅ ወይም ሐዌላ ቱላ፣ ኮብልስቶኑ ውስጥ ድረስ አይሱዙ መግባቱን፣ የመብራት ሽቦው ዝቅ አለማለቱንም አጣሩ። «መኪና አይገባም» ከተባለ ከአስፋልት እስከ በር የሚሸከም ሰው ሌላ ዋጋ ነው፤ ይህም የሚጠየቀው ከእናንተ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሹፌሩ ደርሶ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እጁን የሸራው ገመድ ቋጠሮ ላይ አሳርፎ፣ ሳይፈታ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ» ካለ ተዘጋጁ። ጨመር ያደርጋል፤ ናፍጣ፣ መንገድ፣ ዕቃ በዛ። አትጩሁ። ጎረቤት ሁሉ በመስኮት እያየ ነውና መጀመሪያ የሚሸነፈው የሚጮኸው ሰው ነው። ውሉን አውጡና «ሐዋሳ ላይ ተጨማሪ አልጠይቅም» የሚለውን መስመር ራሱ እንዲያነብ ስጡት፤ ፊርማውን አሳዩት። ከዚያ ለደላላው ወይም ለድርጅቱ በድምፅ ማጉያ ደውሉ፤ እነሱ ይነጋገሩ። አከራዩን ወይም አንድ ትልቅ ሰው ጥሩ፤ «ልጄ፣ እንግዳ ተቀብለን እንዲህ አይሆንም» ሲሉት ብዙ ሹፌር ይለሰልሳል።

ካልሆነ የሚቀረው ፖሊስ ነው። እዚያ «ይህ የውል ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» የመባል ዕድላችሁ ሰፊ ነው፤ ሆኖም ፖሊስ መምጣቱ ብቻ ቋጠሮውን የሚያስፈታበት ጊዜ አለ። ዝናብ እየመጣ፣ ልጆች እየጮኹ መጨመር ግድ ከሆነባችሁ በጥሬ ገንዘብ አትስጡ። በቴሌብር ላኩ፣ ምክንያቱን «ከውል ውጭ ሐዋሳ ላይ የተጠየቀ» ብላችሁ ጻፉ። ብሩ ይሄዳል፤ ማስረጃው ግን ይቀራል።

ሲራገፍ ያው የአዳማው ዝርዝር ይወጣል። እያንዳንዱ ቁጥር ሲገባ ምልክት ይደረግ። የተሰበረ ወይም የጎደለ ካለ ሹፌሩ ቆሞ ሳለ በሁለቱም ቅጂ ላይ ይጻፍ፣ እሱም ይፈርም። አልፈርምም ካለ ዕቃውን፣ መኪናውንና ሰሌዳውን በአንድ ላይ በቪዲዮ ቅረጹ። ቀሪው ክፍያ ከዚህ በኋላ ነው፤ የተስማማችሁበት ካሳ ካለ ከእሱ ላይ ይቀነሳል። ሹፌሩ በሥርዓት ካደረሰ ደግሞ ምሳ ጋብዙት፤ ቁጥሩንም ለወዳጅ አስተላልፉለት።

11. ከጎደለ ወይም ከተሰበረ

ዕቃው ጨርሶ ካልደረሰና ስልክ ከተዘጋ ጊዜ አታጥፉ፤ ሰሌዳውን፣ የመንጃ ፈቃዱን ፎቶና ውሉን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። አደራ የተቀበሉትን ንብረት ለራስ ማድረግ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 እምነት ማጉደል ነው፤ ማመልከቻችሁ ላይ በዚህ ስም ጻፉት።

ለተሰበረና ለጎደለ ዕቃ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1772 ውል ያልፈጸመን ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቅን ይጠይቃል። አጭር ይሁን፦ የውሉ ቀን፣ የዕቃው የዝርዝር ቁጥር፣ የደረሰው ጉዳት፣ የምትጠይቁት ገንዘብ፣ ለመክፈል የምትሰጡት ቀን። ለድርጅቱም ለባለመኪናውም ላኩ፤ በቴሌግራምም ይሁን በፖስታ የላካችሁበትን ማስረጃ አስቀምጡ።

የገንዘቡን መጠን ከሆዳችሁ አትጻፉ። ለመስታወቱ መስታወት ቤት፣ ለቁም ሳጥኑ እንጨት ቤት ሄዳችሁ የጥገና ፕሮፎርማ ከሁለት ቦታ ውሰዱና አያይዙት። ማኅተም ያለበት ፕሮፎርማ ሲያይ «አጋነናችሁት» የሚል ሰው ይቀንሳል፤ ድርድሩም ስሜት ላይ ሳይሆን ቁጥር ላይ ይሆናል። ዝቅተኛውን ፕሮፎርማ አንድ ጊዜ ከከፈለ ተቀብላችሁ «ተከፍሎኛል፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ ፈርሙለት። በክፍል በክፍል እከፍላለሁ ካለ ግን የሚከፍልበት ቀን ተጽፎ፣ በሁለት ምስክር ይፈረም።